ፊት ወንበር ተቀምጬ ያልሰማሁት ዘፈን

ባለፈው ሳምንት አማቼ እኛ ቤት ምሳ በልቶ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። አንድ የቦረና ዘፋኝ ከነባንዱ ይጫወታል። ድምፁን ከወጥ ቤት ሰምቼ እጄን እየጠረግሁ መጣሁና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ ሳይዘልቅ ኦሮምኛ የማይሰማው አማቼ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «እማማ፣ ምን አለ?» አለኝ። ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። ልጄ ተከትላኝ መጥታ ምን እንዳስቀየመኝ ጠየቀችኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ግን «ምን አለ» የምትለዋን ጥያቄ ለዕድሜ ልኬ የሚበቃኝን ያህል በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠይቄ ጨርሻለሁ።

ነገሩ የሆነው ነገሌ ቦረና ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ። አባቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው። ሱቅ ውስጥ ያደገ ልጅ ቋንቋ አይቸግረውም። ጠዋት ከሊበን ገጠር በእግሩ ለመጣው ከብት አርቢ በኦሮምኛ፣ ከሰዓት ለመምህሩና ለመንግሥት ሠራተኛው በአማርኛ ስኳር እየመዘንኩ ነው ያደግሁት። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩም በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። አባቴ ሁለት ቋንቋ ሁለት እንጀራ ነው ይል ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ዕዳም እንደሚሆን አልነገረኝም።

በዚያን ጊዜ ቦሩ የሚባል ዘፋኝ ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም የሚያወጣው ራሱ ነው። የሚዘፍነው ስለ ከብት፣ ስለ ድርቅና ወንዶች ተደራርበው ቆመው ውሃ ስለሚቀባበሉባቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ነበር። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ኖሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ ዘፋኙ ራሱ ከጉድጓዱ ሥር ሆኖ የሚጮህ ይመስል ነበር። እኔና ጓደኛዬ ጡሜ ክሩ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ እየጠቀለልን፣ ግማሹን በጆሯችን፣ ግማሹን በግምት እንሰማው ነበር። ሁለት ጊዜ ይመጣል ተብሎ ቀርቷል፤ አንዴ ዝናብ የወደራን መንገድ ቆርጦት፣ አንዴ ደግሞ ፈቃዱ ዘግይቶ። በሦስተኛው ግን እሱና ሦስት ጓደኞቹ በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ቀይ አቧራ ለብሰው ከተማ ገቡ።

ዝግጅቱ እሑድ በስምንት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነበር። የበጋው ማብቂያ ነው፤ ሰማዩ ይከብዳል እንጂ አይዘንብም፣ አቧራው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ለዚያ ቀን ብዬ ቀሚስ አሰፍቻለሁ። ጡሜ ከትልቁ ግራር ሥር ቦታ ይዛልኛለች፣ ሳምቡሳም ገዝታልኛለች። ወደ እሷ ስራመድ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ከፊት ወንበር በእጃቸው ጠሩኝ።

ኃላፊው ከሰሜን ተዛውረው ከመጡ ሁለት ወር ቢሆናቸው ነው። ቤተሰባቸውን እዚያው ትተው በሆቴል ብቻቸውን የሚበሉ፣ ክፋት የሌለባቸው ግን ሁሉን ነገር ማወቅ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ኦሮምኛ አይሰሙም። በዚያ ዘመን ደግሞ በሕዝብ ፊት የሚዘፈነው ምን እንደሆነ አንድ ኃላፊ ማወቅ ነበረበት። አጠገባቸው ያለውን ወንበር እያሳዩኝ ዘፋኙ የሚለውን እየሰማሁ እንድነግራቸው አዘዙኝ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። በወዲያኛው ጎናቸው ኦቦ ገልገሎ ተቀምጠዋል። እስከ ፊልቱ የሚመላለሱ የከብት ነጋዴ ናቸው፤ አማርኛን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ ግን የማያውቁ በመምሰል ብዙ ዘመን በሰላም ኖረዋል። ምነው እኔም እንደሳቸው በሆንኩ።

የመክፈቻው ንግግር ሁሉ አልቆ ቦሩ ጊታሩን ሲያነሳ ሜዳው ጸጥ አለ። ከሲታ፣ ረጅም፣ ዐይኑን ጨፍኖ የሚዘፍን ሰው ነው። አኮርዲዮኑ ገባ፣ ከበሮው ተከተለ፣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

ስለ ላም ነው የሚዘፍነው አልኳቸው። ቀጥሎስ አሉኝ። ቀጥሎም ላም ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ዘፍኖ ላም ብቻ ነው እንዴ ያለው ብለው ተገረሙ። ቦረና ለላም ቀለም፣ ለቀንዷ፣ ለአረማመዷ ስንት ቃል እንዳለው በምን አማርኛ ላስረዳቸው? አንዱን ስንኝ ሳስረዳ ሦስቱ ያልፈኛል። ከኋላዬ ሰው ያጨበጭባል፣ ጡሜ በዘፈኑ መሃል እልል ስትል ይሰማኛል። እኔ አንገቴን ወደ ጎን አጣምሜ በኃላፊው ጆሮ ውስጥ ስለ ላም አወራለሁ። ከአራት ዘፈን አንዱን እንኳ ሙሉ አልሰማሁም። ከበሮው ምን እንደሚባል፣ አኮርዲዮኑ ከየት እንደተገዛ ሁሉ ጠይቀውኛል።

አምስተኛው ዘፈን ካሴቱ ላይ ያልነበረ አዲስ ነበር። ኮርማው ከሩቅ መጣ ይላል፤ አገሩን አናውቀው፣ ሲያጓራ ቋንቋው አይገባን፣ ተራ ሳይጠብቅ የውሃው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ተኛ፣ የእኛ ላሞች ተጠምተው ቆመው ያዩታል። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ኮርማው ከሩቅ ተሹሞ የሚላክልን አለቃ እንደሆነ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ገብቶታል። ከዚህ ላነሰ ነገር የታሰረ ሰው እናውቅ ነበር።

«ምን አለ?»

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። «ከሩቅ አገር አንድ ኮርማ መንገድ ጠፍቶት መጣ ነው የሚለው» አልኩ። ሰዎቹ የማን ነህ ሳይሉ፣ ተራ ጠብቅ ሳይሉ ውሃ አጠጡት፤ ደክሞት ስለነበር ገንዳው አጠገብ ተኛ፤ ላሞቹም እስኪያርፍ ቆመው ጠበቁት አልኳቸው። ታዲያ ሰው ለምን ይስቃል ሲሉኝ ደስ ብሎት ነው አልኩ። ፊቴን ትንሽ አይተው ወደ ኦቦ ገልገሎ ዞሩና እንደዚያ ነው የሚለው ብለው ጠየቋቸው።

ኦቦ ገልገሎ ዱላቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ልጅቷ የተማረች ናት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የከብት አማርኛ እንጂ የዘፈን አማርኛ አላውቅም።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ፣ «እኔም እኮ ከሩቅ ነው የመጣሁት» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። ከዚያም ያላሰብኩት መጣ፤ ዘፈኑ እንዲደገም አዘዙ። ተደገመ። አሁን ሕዝቡ በሙሉ አብሮ ይዘፍናል፣ ኃላፊው መሃል ቆመው ያጨበጭባሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ማን ይነግራቸው ይሆን እያልኩ ዜማው አይሰማኝም። ሲያበቃ መድረኩ ላይ ወጥተው ቦሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ እንዲህ ያለ የእንግዳ ፍቅር በሕይወታቸው ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩት። ቦሩ እሳቸውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

ባንዱ ዕቃውን ሲጭን ወደ መኪናው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር። ቦሩ ሻይ ይዞ ጎማው ላይ ተቀምጧል። ያደረግሁትን ስነግረው ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይቺን ዘፈን ለማውጣት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ። «ለመታሰር ተዘጋጅቼ ነበር። ለመጨበጥ ግን አልተዘጋጀሁም።»

እኔም ደሜ ፈላ። «አንተ ተዘጋጅተህ ነበር» አልኩት። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ከበሮ መቺው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ተሰነባብተን እንኳ አልተለያየንም።

በነጋታው ኃላፊው ደብዳቤ አስጻፉኝ። ባንዱ በወደራም በፊልቱም እንዲያሳይ፣ በተለይም ስለ እንግዳ ተቀባይነት የሚናገረው ዘፈን እንዳይቀር የሚል ነው። በሦስት ቅጂ ጻፍኩት፣ ማኅተም ተመታበት። ያ ዘፈን በመንግሥት ማኅተም በየከተማው ተዘፈነ፤ በየሄደበትም ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ቦሩ ደብዳቤውን ለምን እንዳልመለሰው ዛሬም አላውቅም። ምናልባት በመጨረሻ ቀልዱ ገብቶት ይሆናል።

ኃላፊው ከሁለት ዓመት በኋላ ተዛወሩ። ሊሄዱ ሲሉ እጄን ይዘው ይህ ከተማ ልክ ዘፈኑ እንዳለው ተቀበለኝ አሉኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በእርግጥም ከዚያ እሑድ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲያያቸው ፈገግ ይል ነበር፤ ፈገግታው ለምን እንደሆነ እሳቸው አይጠይቁም።

አሁን ስልሳ ዓመት ሆኖኛል፣ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ምን ዓይነት ቀን ነበር ይለኛል፤ አንቺማ ፊት ነበርሽ ብሎ ይቀናብኛል። ምን እላለሁ? ሁሉም የቦሩን ዘፈን ሰምቷል። ኃላፊው ብቻ ሌላ ዘፈን ሰሙ። በሕይወት ካሉ ለልጅ ልጆቻቸው ይተርኩት ይሆናል፤ ስለዚያ መንገድ ጠፍቶት ስለመጣው ኮርማ፣ ቆመው ስለጠበቁት ላሞች። እሱ ዘፈን የኔ ነው፤ በዕድሜዬ የገጠምኩት አንድ ዘፈን እሱ ብቻ ነው። ዜማውን ግን አላውቀውም፤ አንዴ እያወራሁ፣ አንዴ እየፈራሁ አለፈኝ።