በወንድሜ ስም የተነሳሁት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ከገበያ ይዛው የመጣችው የአቼቶ ጠርሙስ በራችን ላይ ወድቆ ተሰበረ። ሽታው ግቢውን ሞላው። እሷ ስባሪውን እየለቀመች ይቅርታ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። የተናደድኩት በእሷ አልነበረም። ትዝ ያለኝ አሰበ ተፈሪ፣ ዋናው መንገድ ዳር የነበረው ሰማያዊ በር ያለው ፎቶ ቤት ነው። ፎቶ አንሺው ጋሽ ዩሱፍ ፎቶ የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ልክ እንዲህ ይሸት ነበር።

ያኔ ጋሽ ዩሱፍን አንቱ ነበር የምለው። ዛሬ ሳስበው አንቱታው ከአፌ አይወጣም፤ ስለዚህ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ረጅም ቀጭን ሰው ነበር። በዚያ ሙቀት እንኳን ሹራቡን አያወልቅም፤ ከጆሮው ኋላ ሁልጊዜ የተቀረጸች እርሳስ አለች። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጉንጩን በጫት ነፍቶ፣ ራዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ሥራው ላይ ያቀረቅራል። ግድግዳው ላይ ባሕርና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ነበረው፤ ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች ባሕር ዳር ቆመው ይነሱ ነበር። ከመስተዋቱ ሥር በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ፣ ምስማር ላይ ደግሞ ከገጠር ለጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሁሉ እየተዋሰ የሚለብሰው አንድ ጥቁር ኮት ተንጠልጥሏል። የኮቱ እጅጌ ለአንዱ ያጥራል፣ ለሌላው ይረዝማል፤ ፎቶው ላይ ግን ሁሉም የቢሮ ኃላፊ ይመስላሉ።

ዋናው ሙያው እርሳሷ ላይ ነበር። ያልነበረ ጸጉር ያበቅላል፣ የጎደለ ጥርስ ይሞላል። ከመሰላ የመጣ አንድ ሰው ሳዑዲ ካለው ወንድሙ ጎን ቆሞ መታየት ሲያምረው፣ ሁለት ፎቶ ቆርጦ መገጣጠሚያው እስከማይታይ ድረስ አንድ አድርጎ ሰጥቶታል። ሰው ሲያደንቀው ደስ አይለውም። ሰው ያዘዘኝን እሠራለሁ እንጂ ፎቶው የእኔ አይደለም ይል ነበር። ትልቅ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ሲሠራ ሳየው ቆርጦ የጣለውን የፎቶ ወረቀት ጠርዝ ይሰጠኛል፤ እወደው ነበር።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ የታላቅ ወንድሜ የዳዊት መርዶ መጣ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በዘመተ በዓመቱ ሞተ። አስከሬን የለም። ፎቶም የለም፤ ለምዝገባ በደሳ ከተማ ሄዶ የተነሳት አንዲት ጉርድ ፎቶ ከምዝገባ ፎርሙ ጋር ሄዳ ቀርታለች። በዚያው ሰሞን በከተማችን የልጆቻቸው መርዶ የተነገራቸው እናቶች ፎቶ ከፍ አድርገው እየያዙ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እናቴ ባዶ እጇን ዘረጋች። ምን ይዤ ላልቅስ ስትል ሰማኋት።

በሳምንቱ ጠጉሬን ከሥሩ ቆረጠችው። ሠፈርተኛው ሐዘን መስሎት አይዞሽ አለኝ። የዳዊትን ዳማ ሸሚዝ በፌስታል ይዛ፣ እጄን ጎትታ ፎቶ ቤት ወሰደችኝ። ቁርጥ ዳዊትን ትመስያለሽ ይሉኝ ስለነበር ሐሳቡ የመጣላት ከዚያ ይመስለኛል።

ጋሽ ዩሱፍ እኔን እንደ ዳዊት አድርጎ እንዲያነሳኝ ስትለምነው ሰምቶ ጫቱን ከአፉ አወጣ። የተላጨ ራሴን አየ፣ እናቴን አየ። እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እኔን አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

«ቶሌ፣ እትዬ ዘነበች» አላት እናቴን፤ እሺ ማለቱ ነው። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እሠራለሁ።»

እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ለእኔ ያስተላልፋል። አገጯን ዝቅ ታድርግ፤ ዳዊት እንዲህ አያፈጥም። ከንፈሯን ትግጠም፤ እሱ ጥርሱን ማሳየት አይወድም። ትከሻዋን ትንፋ። መብራቱ ግንባሬን ይጠብሰኛል። ሸሚዙ ገና ወንድሜን ወንድሜን ይሸታል፤ እንባዬ መጣ። ጋሽ ዩሱፍ ካሜራውን ትቶ ፊቴን በጨርቅ ጠረገልኝና ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ዳዊት አያለቅስም ነበር አለች። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲያለቅስ እኔ ሰምቼዋለሁ። ጋሽ ዩሱፍ ግን ቃሏን ተቀብሎ አታልቅሺ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ተመላለስን። እናቴ ዱካ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ፊቱን በቃል ታስጽፈዋለች፤ እሱ በእርሳሱ ቅንድቤን ያወፍራል፣ መንጋጋዬን ያሰፋል፣ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ጺም ያበቅላል። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ በግራ ነው ስትል አይደለም በቀኝ ነው አልኩ። አብሬው ስጫወት የወደቀ ልጅ ነው፤ ደሙን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ዩሱፍ እናት ናት የምታውቀው አለኝና በግራ ሳለው።

ፎቶው ሳይደርቅ የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ መጣ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ያላመጣ አይመዘገብም ተባልን። ከክፍሌ ሁለተኛ ነበር የምወጣው፤ ያንን ፈተና እንደማልፍ ማንም አይጠራጠርም። በቀጥታ ወደ እሱ ሮጥኩ። ካሜራው ጋ አልሄደም።

«እናትሽ እንዳላነሳሽ አዝዛኛለች» አለኝ። «አርባው ሳይወጣ ያንቺን ፎቶ ሰው ካየ ነገሩ ይታወቃል፣ ኢንተላ።» ሴት ልጅን እንዲህ ነበር የሚጠራው።

«ጋሽ ዩሱፍ፣ እኔስ?»

እርሳሱን በምላጭ መቅረጽ ጀመረ። «አቦ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።»

ሌላ ፎቶ ቤት ነበር፤ ገንዘቡ ግን የሚወጣው ከእናቴ እጅ ነው፤ እሷም አልሰጠችኝም። በዚያ ዓመት ሳልፈተን ቀረሁ። ጓደኞቼ ሁለተኛ ደረጃ ገቡ፤ እኔ ከታናናሾቼ ጋር እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

የአርባው ዕለት ፎቶው በፍሬም ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ አለቀሱበት። ቁርጥ እሱን አሉ። አክስቴ ድንኳኑን አቋርጣ መጣችና ፎቶውን ወደ ፊቴ አስጠግታ ወንድምሽን ሳሚው አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። ሳምኩት። የገዛ ፊቴን፣ በቁሜ የተለቀሰብኝን ፊቴን ሳምኩት። ጋሽ ዩሱፍ ከለቀስተኞቹ መሀል ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

እናቴን ይቅር ብያታለሁ። ያኔ በራሷ አልነበረችም፤ የሚቀበር ልጅ እንኳን አልተሰጣትም። እሱ ግን በሙሉ ልቡናው ነበር። ተይ እትዬ፣ ይህች ልጅ በሕይወት ያለች ናት ለማለት የሚችል ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበረ እሱ ነበር። ሰዎች ዛሬም ስለ እጁ ጥበብ ያወሩልኛል። እኔ የማስታውሰው እጁ ያላቆመውን ነው። ከሞተ ቆየ፤ ፎቶ ቤቱም የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። አፈር ይቅለለው ማለት እስካሁን አልሆነልኝም።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ከዳዊት ጋር የዘመተ አንድ ሰው ከሚኤሶ ለለቅሶ መጥቶ ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ረጅም ጊዜ አየና ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ዳዊት ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ። ፎቶው ዳዊትን እንዳልመሰለው ገባኝ። እስቲ ፊቱን ንገረኝ ብዬ ለመንኩት።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ፊቱ ረዘም ይላል አለ፤ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፤ ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ በአንድ ተከተልኩት። የሚመጣልኝ ያው በእርሳስ ጺም የበቀለባት ልጅ ናት። ዳዊትን በጠራሁት ቁጥር የምመጣው እኔ ነኝ፤ የወንድሜ ፊት ከውስጤ ጠፍቷል። ጋሽ ዩሱፍ የተወልኝ ይህንን ነው።

ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ፣ «አሁን መጣልሽ?» አለኝ።

ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ነው። አዎ አልኩት።