ፊደል ያልቆመለት ሸኩር

ጅማ አቅራቢያ ባለችው ሸቤ ከተማ ሬዲዮ ሲበላሽበት ወደ ሸኩር የማይሄድ አልነበረም። አንድ ጊዜ ፈትቶ ያየውን ዕቃ ውስጡን አይረሳም። ትምህርት ቤት ግን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። አስተማሪዎቹ ሰነፍ አሉት፤ አባቱ ጀማለዲን በቀበቶ ገረፉት።

በ1976 ዓ.ም. ሸዋረገጥ የምትባል ወጣት የሒሳብ አስተማሪ መጣች። ሰሌዳው ላይ ቅርጽ ስትስል፣ እሷ ሳትጨርስ ሸኩር መልሱን ይናገራል። ያንኑ ጥያቄ በጽሑፍ ስትሰጠው ወረቀቱን ባዶ ይመልሳል። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ አስቀርታ ጥያቄዎቹን አነበበችለት። ሁሉንም መለሰ። ታዲያ ምን ሆነህ ነው ብላ ጠየቀችው።

«ፊደሎቹ አይቆሙልኝም፣ ቲቸር» አላት። «ሁሉም ባንዴ ይመጡብኛል። ሥዕል ግን ዝም ብሎ ይጠብቀኛል።»

ከዚያ ወዲያ ታሪኩንም ሳይንሱንም በሥዕል አስተማረችው። ርእሰ መምህሩን አቶ ለይኩንን ደግሞ በፈተናው ቀን የሚያነብለት ሰው እንዲፈቅዱ ለመነቻቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ፈተናው ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ አሉ። ሸኩር ሒሳቡን ሠራ፤ የቀረውን ግማሹን እንኳ ሳያነብ ሰዓቱ አለቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ፤ ዳግመኛ የሚመዘግበው አልተገኘም።

በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲደረግ ቀበሌው ከትምህርት ውጭ የሆኑትን ወጣቶች ስም አወጣ። ሸዋረገጥ ይህን ልጅ ተዉት ብላ ወደ ቀበሌው ሄደች።

«ተማሪ ነው?» አሏት ሊቀ መንበሩ።

«ነበር» አለች። ሸኩርን ከሌሎቹ ጋር ወሰዱት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰሜን ጦር ግንባር ደብዳቤ መጣ፤ ጓደኛው የጻፈለት ነው። እናቱ ኩልሱም ይዘውት ወደ ሸዋረገጥ ሄዱ፣ አነበበችላቸው። ሸኩር ኮረብታውንና መንገዱን አንድ ጊዜ አይቶ ስለሚስል፣ ሻምበሉ ለቅኝት ከፊት ከፊት እንደሚልከው፣ ጎበዝ እንዳለውም ደብዳቤው ይናገራል።

ኩልሱም ወረቀቱን መልሰው አጣጠፉት። «ትምህርት ቤት ያሉት ይህንን አያውቁም ነበር?»

«ነግሬያቸው ነበር፣ እትዬ ኩልሱም።»

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ወታደሮች በጅማ መንገድ በእግራቸው ሲመለሱ፣ ኩልሱም ስንት ሳምንት መንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዱን ፊት አዩ። ሞቷል ብሎ የነገራቸውም የለም። በዓመቱ ጀማለዲን ሞቷል ብለው ቆርጠው፣ ጎረቤት ጠርተው ለልጃቸው ዱአ አስደረጉ። ኩልሱም ግን ያን ቀን ቤታቸው ሳይገቡ ዋሉ።