ባለቤት የሌለው ሳር

የተማርኩባት የግል ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ናት። የምታስተምረው ሳይንስና ምህንድስና ብቻ ነው፤ የማን ሙከራ እንደከሸፈ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ሰው ይከዳኛል ብዬ አላሰብኩም።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ከጓሳ ሳር ብርድ የማያስገባ የጣሪያ ሰሌዳ ልሠራ ተነሣሁ። ሐሳቡ የራሴ ነበር፤ መንዝ ተወልዶ ስለ ብርድ የማያስብ የለም። ችግሩ ሳሩ ነው። ሳሩ የሚበቅልበት የጓሳ መሬት እንዲያገግም ከተዘጋ፣ ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ ማጭድ ይዞ የሚገባ የለም። ስለዚህ አማካሪዬ የሆነውን ዶክተር ይዤ አገሬ ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ጠላቸውን ጠጣ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። እኔም ሞኟ ኮራሁበት።

«አንድ ሸክም እጨዱ» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ። «የተገኘውን ግን ከማንም በፊት ለእኛ ትነግሩናላችሁ። ሳሩም የማን እንደሆነ ይነገር። በሉ ዋስ ጥሩ።»

አባቴ ተነሥተው «እኔ አለሁ» አሉ።

ሰሌዳው ተሳካ። ዶክተሩ ከፋሲካ በኋላ አብረን ሄደን ለሽማግሌዎቹ እንደምናበሥር ነገረኝ። ፋሲካ ሳይደርስ ግን በግቢያችን ለእርዳታ ሰጪዎች ኤግዚቢሽን ተዘጋጀና ዶክተሩ ካሜራ ፊት ቆሞ፣ «ባለቤት የሌለው የዱር ሳር ነው፤ ጥቅሙን የደረስኩበት እኔ ነኝ» አለ። እኔ ከኋላው ሰሌዳውን ታቅፌ እንደ መደርደሪያ ተገትሬያለሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለሽማግሌዎቹ የገባነውን ቃል ለምን እንዳፈረሰ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ለእርዳታ ሰጪ የሽማግሌ ወግ ምን ያደርግለታል? አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ!» ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው።

ቪዲዮው በገበያ ቀን የአገሬ ከተማ ዘመሮ ደረሰ፤ ስልክ ያለው ሁሉ አየው። ሽማግሌዎቹ አባቴን እንደጠሯቸው ስሰማ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስደርስ አባቴ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ብቻቸውን ቆመዋል።

«ጥፋቱ የሰውየው ነው! እኔንም ከድቶኛል!» ብዬ ጮህኩ።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ እኔን ትተው ወደ አባቴ ዞሩ። «ዋስ እርስዎ ነዎት። ሰውየውን ያቅርቡልን።»

አባቴ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ያንን ሰው እኔ የት አውቀዋለሁ?» አሉ። «ዋስ የሆንኩት ለልጄ ነው። ሳሩ ባለቤት የለውም ሲል ከኋላው ቆማ ዝም አለች። እኔን የከዳችኝ እሷ ናት።»