ሩቅ አገር ያለው የእኛ ባንድ

ዘፈኑን የሰማሁት ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር በሚመለስ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በዚያ ሳምንት አንበሳሜ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ማይክሮስኮፕ ተበላሽቶባቸው እኛ ዘንድ ያለውን ትርፍ አድርሼ መመለሴ ነበር። ደክሞኝ መስኮቱን ተደግፌ ሳንቀላፋ ጊታሩ ጀመረ። ደነገጥኩ። በመላው ደቡብ ጎንደር ይህን ባንድ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበርና።

ባንዱ የፈረንጅ ነው። ከአንዲት የገበሬ ከተማ ተነሥተው አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ካንትሪ ነው እንዳልል ከበሮውና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ይጮኻል፤ ሮክ ነው እንዳልል መሐሉ ላይ ቫዮሊን ገብቶ እንደ ማሲንቆ ያንጎራጉራል። የሚያውቁት አልተርኔቲቭ ካንትሪ ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ዶርም አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ነበረች ያስለመደችኝ። ተመርቀን ስንለያይ ዘፈኖቹን ስልኬ ላይ ገለበጠችልኝ፤ እሷ ወደ ደቡብ ሄደች፣ እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሙዚቃ የምሰማው ብቻዬን ነበር። እናቴ አንድ ቀን ሰምታ ሰውየው ምን ሆኖ እንደሚያዝን ጠይቃኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ የታመመ በሬ ይመስላል ብለው ስለሳቁብኝ፣ በማዳመጫ ካልሆነ አልከፍተውም ነበር።

እና አሁን ይኸው፣ በሚኒባስ ቴፕ፣ ድምፁ ተለቆ።

ሾፌሩ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ የጣለ ግዙፍ ሰው ነው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ አብሮ ይዘፍናል። ቃላቱ እንግሊዝኛም አማርኛም አይደሉም፤ ዜማውን ግን አንድም ቦታ አልሳተም። ዘፈኑን ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት።

ዘፈኑ ያለበት ፍላሽ የእሱ እንዳልሆነ ነገረኝ። አንድ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ጥሎት ወርዷል። የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መላ ቢያጣ ማጫወት ጀመረ፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ተሳፍሮ ዘፈኑን ሲሰማ የእኔ ነው ይለኛል ብሎ። ሽማግሌዎችና ካህናት ሲሳፈሩ መዝሙር ያደርጋል፣ የገበያ ቀን የባህል ዘፈን ያደርጋል፣ በሌላው ጊዜ ግን ይህንኑ ነው። መጀመሪያ አልጣመውም ነበር። ቀስ በቀስ ለመደው። ከዚያ ወደደው።

«ከወደድኩት በኋላ ደግሞ ባለቤቱ እንዳይመጣ ፈራሁ» አለና ዞር ብሎ አየኝ። «ያንቺ ነው እንዴ?»

የእኔ እንዳልሆነ፣ ዘፈኖቹን ግን አንድ በአንድ እንደማውቃቸው ነገርኩት። ፊቱ በራ። ሲጠብቅ የኖረውን ሰው ያገኘ ያህል ጥያቄውን ያዥጎደጉደው ጀመር። ስንት ናቸው? ሚስት አላቸው? ያ እንደ ሰው የሚያለቅሰው መሣሪያ ምንድን ነው? ጊታር በጭን ላይ ተኝቶ በክሮቹ ላይ ብረት ሲንሸራተትበት የሚወጣ ድምፅ መሆኑን አስረዳሁት። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ዘፈን እናቱ ሞታበት ለቀብር ያልደረሰ ሰው የሚያንጎራጉረው መሆኑን ነገረኝ። እኔ ግን ግጥሙን አውቀዋለሁ። በረዶ በሞላው መንገድ ላይ የጭነት መኪናው የቆመበት ሰው፣ ዕቃ የሚያመጣለት ሲጠብቅ የሚያወራው ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ዘፈኑን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አጫወተው።

«አንቺ ተምረሻል፣ አልከራከርሽም» አለ በመጨረሻ። «ግን ሰው ለመኪና ብቻ እንዲህ አያለቅስም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዴትም ስሄድ የእሱን መኪና መናኸሪያ ውስጥ መፈለግ ልማዴ ሆነ። ተራው ካልደረሰ እጠብቀዋለሁ። ረዳቱ ጋቢናውን ይይዝልኛል። ስለ ዘፈኖቹ ስንሟገት ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ባልና ሚስት እየመሰልናቸው ሊያስታርቁን ሞክረው ያውቃሉ።

አንድ ክረምት፣ ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ ስንወርድ፣ ነጠላ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ አሮጊት መንገድ ላይ አስቆሙንና ጋቢናው ውስጥ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ሾፌሩ አዛውንት አይቶ ወደ መዝሙር ሊቀይር እጁን ሲዘረጋ፣ ሴትዮዋ በቀስታ መዳፉን ያዙት።

«ተወው ልጄ። ይኼ ሲያልቅ ሰውየው ይስቃል፤ እሱን ልስማ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ከሚቀጥለው ዘፈን በፊት ዘፋኙ ከባልደረባው ጋር ስለ አንድ ነገር ሲስቅ አብሮ ተቀድቷል። ሾፌሩ ሳቁን ሰምቶ እስኪጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ተሳፋሪው ጎማ የፈነዳ መስሎት አጉረመረመ።

«እትዬ፣ ፍላሹ ያንቱ ነው ወይ?» አላቸው።

የእሳቸው ነበር። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይመላለሳሉ፤ ፍላሹም እዚያ ውሃ ውስጥ የቀረ መስሏቸው ተስፋ ቆርጠው ኖረዋል። መንገዱን ሙሉ ታሪኩን አጫወቱን። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የቤቱ ዝምታ ከብዷቸው ነበር። በድሮ ዘመን ያስተማሩት አንድ ልጅ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሬዲዮናቸው ላይ ይህን ፍላሽ ሰካላቸው። ሙዚቃ ወዳድ አልነበሩም። ዘፈኑ ሲከፈት ግን ወዲያኛው ክፍል ሰው ያለ ይመስላቸው ጀመር፤ ያ ደግሞ እንጀራ ለመብላት እንኳ በቂ ምክንያት ሆነላቸው።

ሾፌሩ ፍላሹን ነቅሎ በጋቢው ጫፍ ጠረገና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ተቀብለው ጥቂት አገላበጡት፤ ከዚያ ዝም ያለውን ቴፕ አዩ፣ እሱንም አዩ፣ መልሰው ሰጡት። በሌላ ፍላሽ ገልብጦ እሑድ ከሰዓት ደብረ ታቦር ወዳለው ቤታቸው ይዞላቸው እንዲመጣ አዘዙት። እኔንም አብሬ እንድመጣ ነገሩኝ።

የእሑድ ከሰዓቱን ስብሰባ እንዲህ ጀመርን። ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ እሳቸው ቤት እንሰባሰባለን። ሾፌሩ ማኅበር እንበለው ብሎ ነበር፤ መምህርቷ ግን ጽዋ የሌለው፣ ጻድቅ የማይዘከርበት ነገር ማኅበር አይባልም ብለው ተቆጡ። ስም ሳይወጣለት ቀረ። ቆሎ እየቆረጠምን አንድ ዘፈን እንመርጣለን፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ስንኝ በስንኝ ይተረጉማሉ። ትርጉሙ አልጥም ሲለው ሾፌሩ ይሞግታቸዋል፤ እሳቸውም ተማሪ እንደሚቀጡ ጣታቸውን ያወዛውዙበታል። እኔ የምወደው ዘፈን አንዲት ሴት ከኮረብታ ላይ ሆና ያደገችባትን ከተማ መብራት ስትቆጥር የሚናገር ነው። ልትሄድ ነው የወጣችው፤ ግን እየቆጠረች ትቆያለች። ደብረ ታቦር ጉም ወርዶባት መብራቷ አንድ በአንድ ብቅ ሲል ሳይ እኔም ከዘፈኑ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ይህን ለሰው ነግሬው አላውቅም ነበር። እዚያ ቤት ነገርኩት፤ ማንም አልሳቀም።

አንድ ቅዳሜ መምህርቷን ዋንዛዬ አድርሰን እስኪታጠቡ ስንጠብቅ ሾፌሩ የዚህን ዘፈን ዜማ ሲያንጎራጉር አንድ ሊታጠብ የመጣ አዝማሪ ሰማው። ማሲንቆውን ከከረጢት አውጥቶ ዜማውን ፈለገው። መጀመሪያ አጣው፣ ቀጥሎ አገኘው፣ ከዚያ ወደ ራሱ አገር አመጣው። ምን እንደሚል ጠየቀን፤ ነገርነው። ወዲያው ግጥም ገጠመለት፦

መብራቷን ቆጥሬ ልሄድ ነበር ጥዬ፤
ቆጠራው አላልቅ አለኝ ስቆጥር ውዬ ውዬ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጸጉራቸውን የሚያደርቁ ገበሬዎች እንደገና በለው አሉት። መምህርቷ ከውሃው ወጥተው፣ ፎጣቸውን አገልድመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሙ። በዚያ ቀን ከባንዱ አባላት አንዱ እዚያ ቆሞ ቢሆን ምን ይል እንደነበር መንገዱን ሙሉ እየተነጋገርን ተመለስን።

ከዚያ ክፉው የጦርነት ጊዜ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ መልሶ ተዘጋ። ዳታ ጠፋ። ሚኒባሱ የሾፌሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይወጣበት ጀመር። ሾፌሩ ሥራ ፈትቶ ከሳ። የተኩስ ድምፅ በማይሰማባቸው እሑዶች ግን በእግራችን እየሄድን መገናኘታችንን አልተውንም። መምህርቷ በሩን ሲከፍቱልን መጀመሪያ የሁላችንንም ፊት ያዩ ነበር፤ ከዚያ ነው ሬዲዮኑን የሚከፍቱት።

መንገዱ ትንሽ ፋታ ባገኘ ሰሞን ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄድኩ። ሆቴሉ ዋይፋይ ነበረው። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲበሉ እኔ የባንዱን ስም ፈለግሁ። ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም አውጥተዋል። ዘፋኙ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት፣ ዳግመኛ አይዘፍንም ተብሎ እንደነበርም አነበብኩ። አልበሙን አወረድኩ። አልሰማሁትም። ብቻዬን መስማት አልቻልኩም፤ ያ ጊዜ ለእኔ አልፏል።

የሰማነው በቆመው ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ካሉን ማጫወቻዎች ሁሉ የተሻለ ድምፅ ያለው የመኪናው ቴፕ ስለሆነ። መምህርቷ ጋቢናው ውስጥ፣ እኔ ከኋላቸው። ድምፁ ሲመጣ የሾፌሩ ፊት ተለወጠ። የሚያውቀው ያ የጠራ ድምፅ የለም፤ ሻካራ ነው፣ ከፍ ሊል ሲል ይሰበራል፤ አንዳንድ ቦታ መዝፈኑን ትቶ እንደመናገር ይላል።

«ይኼ ሰውዬ እሱ አይደለም» አለ።

«እኔስ ጉልበቴ ያው ነው?» አሉት መምህርቷ።

አልሳቀም። ከመኪናው ወርዶ ዶሮዎቹን ሲያባርር ቆየ። በሚቀጥለው እሑድ ቀረ፤ ከዚያም በኋላ ቀረ። እኛ ሁለታችን አዲሱን አልበም እየደጋገምን ሰማነው፤ እሳቸው በጣም ወደዱት፣ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ገና ልለምደው እየሞከርኩ ነበር። የእሱ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳይ ዘፈኑ ራሱ የጎደለ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ የሾፌሩ እናት አረፉ። ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀምጠን ስለ ባንድ አንድ ቃል አላነሣንም። እናቱ እንዴት ያለች ብርቱ ሴት እንደነበረች፣ ጎተራ ሙሉ ገብስ በአንድ ክረምት ከዝናብ እንዴት አድርጋ እንዳተረፈች ነገረን፤ መምህርቷ እጁን ይዘው ሰሙት።

አርባቸው ከወጣ በኋላ አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። ሾፌሩ ነው፤ ጥቁር ለብሷል። ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ውሃ ጠጣ፣ ከአዲሱ አልበም የመጨረሻውን ዘፈን እንዲከፍቱለት ጠየቀ። መምህርቷ ሐዘን ላይ መሆኑን አስታውሰው አመነቱ።

«ሙዚቃ ልሰማ አይደለም፣ ቲቸር» አለ። «ሰውየው ያን ሁሉ አልፎ እንዴት አድርጎ እንደሚናገር ልሰማ ነው።»

ከፈቱለት። መሬት መሬቱን እያየ ሰማ። መምህርቷ እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን አድርገው መተርጎም ሲጀምሩ እጁን አንሥቶ ገብቶኛል አላቸው። መጨረሻው ላይ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ አለ። ዘፋኙ እዚያ ላይ አላቆመም፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። ሾፌሩ አብሮት ረጅም ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት። ሲያልቅ ድገሙልኝ አለ። እኔም ያን ዘፈን የወደድኩት በዚያ ሰዓት ነው።

መንገዱ አሁን ከሞላ ጎደል ይሠራል። ሚኒባሱም ጎማ ቀይሮ ተራ ይይዛል። ዳታው የተመለሰ ሰሞን መምህርቷ በባንዱ ገጽ ላይ አንድ ነገር እንጻፍ የሚል ሐሳብ አመጡ። ሾፌሩ በአማርኛ ተናገረ፣ እሳቸው ወደ እንግሊዝኛ መለሱ፣ እኔ በስልኬ ጻፍኩ። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ ድምፅህ ሻክሮ መጥቷል፣ እኛም እንደዚያው ነን፣ እንኳን ተመለስክ። «እንኳን» የምትለዋን ቃል በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሏት ሲከራከሩ ከሰዓቱ አለቀ። የአዝማሪውን ማሲንቆ በስልክ ቀድቼው ስለነበር እሱንም አያያዝኩት።

ሰነባብቶ ከመካከላቸው አንዱ መለሰ። ማሲንቆውን ደጋግመው እንደሰሙት ጻፈ፤ ቫዮሊን የሚጫወተው ሰው ያ መሣሪያ ስንት ክር እንዳለው ማወቅ ይፈልጋል። ደግሞም ደብረ ታቦር የት እንደሆነች ጠየቀ።

ለሾፌሩ መናኸሪያ ሄጄ አነበብኩለት። ተሳፋሪ ሞልቶለት ሊወጣ ነበር። መሪውን ይዞ ሞተሩን አስነሣ።

«አንድ ክር ብቻ ነው በይው» አለኝ። «መንገዱን ደግሞ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ባሕር ዳር ድረስ ይምጣ እንጂ ከዚያ ወዲህ እኔ አመጣዋለሁ።»