ሁለት ስፒከር በሰልፍ

ቁጥር ሲያንስ ነገሩ የሚከብድበት ሙያ እንዳለ ያወቅሁት በወንድሜ ውይይት ነው። አወቅሁ ስል ሰማሁ ማለቴ ነው። ገብቶኛል ብዬ ግን እስከ ዛሬ አልምልም።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንገዛበት። እኔ ጎባ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፣ ቤታችን ግን ሮቤ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሁለቱ ከተሞች መካከል ውይይት ይነዳ ነበር። ውይይት የምንለው ተሳፋሪ ከኋላ በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት የሚቀመጥባትን ትንሽ መኪና ነው። ሰው ሁሉ እንደ ውይይት ክበብ ስለሚተያይባት ነው ስሙ የወጣላት። ጠዋት ጠዋት በእሷ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ማታ በእሷው እመለሳለሁ።

አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው ጆሯቸው ይከዳቸው ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነበር፤ የእሳቸው ግን የእውነት ባዳ ሆነባቸው። እናታችን ወደ አኼራ ከሄደች ቆይታለች፣ የቀረን ድምጿም አንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ካሴቱ የተቀዳው በወንድሜ ሰርግ ነው። ከሴቶቹ ጋር ትዘፍናለች፣ መሀል ላይ ትስቃለች። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ቴፑን ማጥፋት ተረስቶ ድምጿ ብቻውን ይሰማል፦ «ያ አባ መና! ኮታ!» ያ አባ መና በኦሮምኛ የቤቱ ጌታ ሆይ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ኮታ ማለት ደግሞ ይምጡ ነው። ምግብ ቀርቦ ነበር።

አባታችን የቤቱን ቴፕ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያቺን ጥሪ ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ግን ቴፑን አስቀመጡትና «ድምጿ ጉድጓድ ገባብኝ። ጆሮዬ ጨርሶ ሳይዘጋ አንዴ እንኳ ጮክ ብላ ብትጠራኝ» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት፤ ወንድሜ ግን ሰምቶ ከቤት ወጣ።

ከደሎ መና የመጣ ሹፌር ዘንድ አምፕሊፋየር የሚሉትን የመኪና ድምፅ ማጉያና ሁለት ስፒከር አገኘ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ «4 ኦም» ተጽፏል፣ እያንዳንዱም ስፒከር ላይ እንደዚያው። እንዴት እንደሚያያዙ ጎባ ያለውን ራዲዮ ሠሪ እንድጠይቅ ላከኝ። ሰውዬው የተከፈተ ራዲዮ ላይ አቀርቅሮ ነበር፣ ቀናም አላለ። «ከአራት በታች እንዳይወርድ በዪው። ሁለቱን በሰልፍ ያስይዛቸው» አለኝ። ቃሉን እንደ አደራ ይዤ ሮቤ ገባሁ።

«አራትና አራት ስንት ነው?» አለኝ ወንድሜ።

«ስምንት።»

«ታዲያ ከአራት በታች ምን ያወርደዋል? ደግሞስ ለመኪና የሚከብደው አራት ሰው ነው ስምንት?»

«ስምንት።»

«ይኸው!» አለ። ምኑን እንዳረጋገጠ ሁለታችንም አናውቅም።

«ሰልፉስ?» ስለው ሳቀብኝ። «ለአብዮት በዓል ስንወጣ አላየሽንም እንዴ? ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ነዋ!» ብሎ ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አሰራቸው። እኔም ሰልፍ ሰልፍ ነው ብዬ ሽቦውን አቀበልኩት።

የገበያ ቀን ነበር። አባታችንን መናኸሪያው አጠገብ ጋቢና ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ ስፒከሮቹ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ ናቸው። ካሴቱ የመኪናዋ ቴፕ ውስጥ ሲገባ የእናቴ ድምፅ የሮቤን አየር ሞላው። የጋሪ ፈረሶች ጆሯቸውን አቆሙ፣ ቅቤ ሻጮቹ ዞሩ። የአባታችን እጅ ወደ ላይ ተነሣ። «ኢሼዳ! እሷ ናት! እሷ ናት!» አሉ። አልቅሼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ወንድሜ ግን በግልጽ አለቀሰ።

አንድ የአብዮት ጥበቃ መሣሪያውን አንግቶ መጣ። «የማን ቅስቀሳ ነው ይሄ?»

«የእናቴ» አለው ወንድሜ።

ጥበቃው ምን እንደሚያደርግ ጨነቀው። ማስቆሙን ትቶ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። ይኼኔ ነው የሚቃጠል ነገር የሸተተኝ። ከወንበሩ ሥር እጄን ሰድጄ አምፕሊፋየሩን ብነካው ፈጀኝ፣ ጭስም ወጣ። ዘፈኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድምፁ ጭልጥ ብሎ ጠፋ።

አባታችን እጃቸውን እንዳነሡ ናቸው። «ጸጥ በሉ! ዘፈኑ አለቀ፤ አሁን ልትጠራኝ ነው» አሉ። ጠበቁ። መቃጠሉን ማን ይንገራቸው? ጥበቃው እንኳ መሬት መሬት ያይ ነበር።

የተቃጠለውን ይዤ ጎባ ስሄድ ራዲዮ ሠሪው ከፍቶ አሸተተው። «ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ያልከንን። በሰልፍ።»

«የቱን ሰልፍ?»

«የአብዮት በዓሉን፤ ጎን ለጎን።»

መነጽሩን አወለቀ። «እኔ የቀበሌ ሱቁን ሰልፍ ማለቴ ነው እንጂ! አንዱ ከአንዱ ኋላ!» አለ፤ ቃሉ ለራሱም ገረመው። ከዚያ በትዕግሥት ያስረዳኝ ጀመር። ኦም ማለት የመከልከል መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ከልካዩ ያንሳል፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ኃይል ይበዛል። ጎን ለጎን ማሰር የሱቁን ሁለት መስኮት እንደ መክፈት ነው፤ ስኳሩ በእጥፍ ይወጣል፣ ባለሱቁም ይደክማል። ስለዚህ አራትና አራት ጎን ለጎን ሁለት ይሆናሉ። አንዱ ከአንዱ ኋላ ከቆሙ ግን ስምንት ናቸው፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ አምፕሊፋየሩ ግን አይቃጠልም። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ገብቶኝ ነበር። ውይይቷ ላይ ስወጣ አራትና አራት እንዴት ሁለት እንደሚሆኑ ጠፋብኝ። ግራ ገባኝ፤ ቀኙም አብሮ ገባኝ።

የተቃጠሉት የአምፕሊፋየሩ ትራንዚስተሮች ምትክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክረምቱ አለፈ። በዚያ መሀል አባታችን የአዛኑን ድምፅ መስማት አቆሙ፤ የሶላቱን ሰዓት እጃቸውን ይዘን እንነግራቸው ጀመር። ዕቃው መጥቶ አምፕሊፋየሩ ሲጠገን ወንድሜ ስፒከሮቹን እንደ ስኳር ሰልፍ አድርጎ አሰራቸው፤ ከአምፕሊፋየሩ ወደ አንዱ ስፒከር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላው መልሶ ወደ አምፕሊፋየሩ። መኪናዋን ደጃፋችን ላይ አቁሞ አባታችንን እንደ ቀድሞው ጋቢና አስቀመጠ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ መስታወቶቹን ዘጋ።

የእናቴ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ግን አነስተኛ ነው። እጄን አምፕሊፋየሩ ላይ አደረግሁ፤ ለብ ብሏል እንጂ አላተኮሰም። ሁሉ ነገር በደንቡ ነው።

«ጀመረ?» አሉ አባታችን፣ ዘፈኑ ተጋምሶ ሳለ።

«ጀምሯል፣ አባባ!» ብዬ ጮህኩ።

ወደ ኋላ ዞረው መዳፋቸውን አንዱ ስፒከር ላይ አሳረፉ። እናታችን ሳቀች፣ ዘፈኑ አለቀ። «ያ አባ መና! ኮታ!» አለች። የአባታችን ፊት አልተለወጠም። መዳፋቸውን አነሡና በመስታወቱ መንገዱን ያዩ ጀመር።

ወንድሜ ቴፑን አጠፋው። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ «ጎን ለጎን ልመልሰው። አንዴ ይስሙትና ይቃጠል!» አለ። የሚቃጠል ነገር እንዴት ትክክል ሊሆን እንደሚችል አላውቅም፤ ግን እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«አቤት!» አሉ አባታችን።

ሁለታችንም ቀና አልን። ቴፑ ጠፍቷል፣ መንገዱም ጭር ያለ ነው። አባታችን የጋቢናውን በር ከፈቱ። «ዱፌ፣ መጣሁ» ብለው ወረዱና እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣ ምግብ እንደቀረበለት ሰው፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ቤት ገቡ።