ለኮንግረስ ዋስ የሆነው አያና

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ አያና ያላስታረቀው ባልና ሚስት የለም ቢባል ብዙ አልተጋነነም። በሥራው የሻትል ሾፌር ነው፤ ከኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ እስከ ተርሚናሉ መንገደኛ ሲያመላልስ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ግን ስልኩ አያርፍም። አብረው ቢዝነስ ከፍተው ዓይንና ናጫ የሆኑ ጓደኛሞች፣ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ቤት የገባች ሚስት፣ ከአባቱ ጋር መነጋገር ያቆመ ልጅ፣ ሁሉም «ጋሽ አያናን ጥሩልን» ነው የሚለው። ምክንያት አለው። አያና አስታርቆ ብቻ አይሄድም፣ ዋስ ይሆናል። «ይህ ሰውዬ ሁለተኛ ቢያጠፋ እኔን ጠይቂኝ» ብሎ ስሙን ያስይዛል። ዋስ የሆነለት ሰው ደግሞ፣ እሱን አፍሮም ይሁን ፈርቶ፣ እስከ ዛሬ አላዋረደውም ነበር።

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ይኸው ሰው ለአሜሪካ ኮንግረስ ዋስ ሆነ።

ልጁ የምሥራች እዚያው ኤርፖርት የመንግሥት ፈታሽ ናት። ሻንጣ በማሽን ታሳልፋለች፣ ቀበቶ ታስፈታለች፣ የተቆጣ መንገደኛ የሚወረውርባትን ስድብ ፈገግ ብላ ትውጣለች። ሥራውን ያገኘች ጊዜ አያና ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጧፍ አብርቷል። «የመንግሥት ሥራ» ሲል አፉ ይሞላል። በወጣትነቱ አገር ቤት የመንገድ ሥራ ጸሐፊ ነበር። ደርግ የወደቀ ሰሞን በሩ ላይ የሚቆመው ወታደር ተለወጠ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው ፎቶ ወረደ፣ አለቃው የገባበት ጠፋ። ወሩ ሲያልቅ ግን ገንዘብ ያዡ እንደ ልማዱ መነጽሩን ሰክቶ ተቀመጠና ደሞዝ ከፈለ። አያና ያን ቀን መንግሥት እንኳ ቢወድቅ ደሞዝ አይወድቅም ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ ናይሮቢ ተሰደደ፣ ልጁን ይዞ በስደተኛ ካምፕ ብዙ ተንከራተተ፣ ኦሃዮ ገባ፣ ያ እምነቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች በጀት ሳያጸድቁ ቀኑ አለፈና መንግሥት ተዘጋ፣ ሻትዳውን ሆነ ተባለ። ተዘጋ ማለት የምሥራች እቤቷ ትተኛለች ማለት አይደለም። እሷ «አስፈላጊ ሠራተኛ» ናት። አስፈላጊ ማለት በዚህ አገር ቋንቋ፣ ትመጣለህ፣ ትሠራለህ፣ አይከፈልህም ማለት ነው። ቀኑን ያሳለፉት ሰዎች ደሞዝ ግን አይነካም፤ በሕገ መንግሥት የታሰረ ነው አሉ። ሕጉን ሲያወጡት ምን ያህል እንደተጠነቀቁለት ልብ በሉልኝ።

በዚያው ሰሞን ፖላሪስ በሚባለው ሠፈር ካለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ለየምሥራች ሥራ መጣላት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያና ፎረስት ፓርክ ሠፈር ልጁ ቤት ምሳ ሊበላ ሄዶ ባልና ሚስቱ ሲከራከሩ ደረሰ።

«አባዬ፣ እስከ ፍራይዴይ አንሰር ስጪን ብለውኛል» አለችው።

«ትቀበል!» አለ ባሏ ኤርምያስ። የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ የቤቱ ሞርጌጅ ሻትዳውን አያውቅም። የእኔ ቼክ ብቻውን አይችለውም።»

«የመንግሥት ሥራ ይለቀቃል እንዴ?» አለ አያና። «ጡረታው አለ፣ ቤኔፊቱ አለ። ነገ የግል ቢሮው ሰው ሲቀንስ ማንን ልትጠሩ ነው?»

«ባይከፍቱትስ?»

«ይከፍቱታል። ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው፣ ሽበታቸውን አታይም? ሁለት ሳምንት ይነታረኩና ይታረቃሉ።»

«ባይታረቁስ፣ ጋሼ?»

«እኔን ጠይቀኝ» አለ አያና። «ዋስ ነኝ።»

ኤርምያስ ዝም አለ። ሽማግሌ ዋስ ነኝ ካለ በኋላ መከራከር ነውር ነው፤ ያውም አማት። የምሥራችም ቀና ብላ ባሏን አየችው፣ ከዚያ አባቷን አየች። አርብ ዕለት ፖላሪስ ደውላ አመስግና አልመጣም አለች።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ግማሽ ደሞዝ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ። አያና ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት እየተቀመጠ ይጠብቃል። አንደኛው ወገን አንድ ማይክራፎን ፊት ቆሞ እነዚያ ናቸው ይላል፤ ሌላኛው ወገን ሌላ ማይክራፎን ፊት ቆሞ የለም እነዚያ ናቸው ይላል። አንደኛው ምክር ቤት ጭራሽ አባላቱን ወደየቤታቸው ሰዷል። አያናን ያንገበገበው ይኼ ነው። የስንቱን ቤት ገመና የሰማ ሰው ነው፤ በመጥረቢያ የተፈላለጉ ወንድማማቾች እንኳ በመጨረሻ አንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረውም ቢሆን ይቀመጣሉ። እነዚህ ግን አንድ ጣሪያ ሥር መዋልንም ተጠየፉት። ልጄን እየጋለቡ እነሱ ይተኛሉ ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋዋል፣ ዜናው እንዳያመልጠው ደግሞ መልሶ ይከፍተዋል።

ኤርምያስ በበኩሉ ፖላሪስ ደውሎ ቦታው አሁንም ክፍት እንደሆነ ጠየቀ። ሰው ቀጥረናል አሉት። ይህን ለአያና የነገረችው የምሥራች ናት እንጂ እሱ ትንፍሽ አላለም። እንዲያውም አያና በመጣ ቁጥር ከበፊቱ ይበልጥ ያከብረው ጀመር፤ ኮቱን ይቀበለዋል፣ ትራሱን ያመቻችለታል። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አያና ሻትሉን ተርሚናሉ በር ላይ አቁሞ መንገደኛ ሲጭን፣ የምሥራች ከነዩኒፎርሟ በጎን በር ወጣች። በሁለት እጇ የወረቀት ከረጢት ታቅፋለች። ደሞዝ ላልተከፈላቸው ፈታሾች የከተማው ሰው እያመጣ የሚሰጣቸው ምግብ ነበር፤ ፓስታው ከላይ ይታያል፣ የቆርቆሮ ባቄላ አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሷ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ፓርኪንጉ አዞረች፣ ያላየችው መስላ ሄደች። ከኋላው ያለ መንገደኛ «አንሄድም ወይ?» እስኪለው ድረስ አያና መሪውን ጨብጦ ቀረ። ከስደት ካምፕ ሲወጡ ሁለተኛ የእርዳታ ከረጢት አትሸከሚም ብሏት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብ ነበር። አያና የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው። ከሥሩ ማስታረቅ አለብኝ ብሎ ተነሣ።

ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን ካልሆነ ሽምግልና አይባልም። ስለዚህ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚኖረውን ጓደኛውን ካሳሁንን ያዘ፤ ካሳሁን ሪፐብሊካን ነው፣ መኪናው ኋላ ላይ የለጠፈውን ስቲከር እንደ ታቦት ያከብረዋል። ከዴሞክራቶቹ እትዬ ዓለምወርቅን ያዘ፤ እሷ ደግሞ በምርጫ ሰሞን ሰው ቤት እያንኳኳች ስታስመዘግብ የምትውል ሴት ናት። ሦስቱም ነጠላቸውን ደርበው ፖላሪስ አካባቢ ወደሚገኝ የአንድ ሪፐብሊካን ኮንግረስማን ቢሮ ነዱ። ሁለቱ መንገዱን ሙሉ እየተጨቃጨቁ፣ አንዱ «የእናንተዎቹ» ሲል አንዷ «የእናንተዎቹ» ስትል፣ አያና የሬዲዮኑን ድምፅ እየጨመረ ደረሱ።

ቢሮው ንጹሕ ነው፤ ባንዲራ አለ፣ ለስላሳ ወንበሮች አሉ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ፈገግ ብላ ተቀበለቻቸው።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለች በእንግሊዝኛ።

«አንቀመጥም» አለ አያና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በአክብሮት። «ለዕርቅ ነው የመጣነው። አለቃሽ ከዚያኛው ወገን ካሉት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ገብቶ ለመነጋገር እሺ እስኪል አንቀመጥም።»

ልጅቷ አልገባትም። ውሃ ላምጣ አለች። ውሃም አንጠጣም አሏት። እንግዲህ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት እንደማይቀመጥ፣ የሰው ቤት ውሃ እንደማይቀምስ ማን ይንገራት? እኛ ዘንድ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ባለቤቱ ያፍራል፣ እግራቸው ላይ ይወድቃል። እዚያ ቢሮ ግን ሦስት ነጠላ የለበሱ ሰዎች አንቀመጥም፣ አንጠጣም፣ አንሄድም ብለው ቆሙ። ልጅቷ ፈገግታዋ ጠፋ። ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ክራባት ያሰረ ሰው አመጣች። ሰውዬው ኮንግረስማኑ እንደሌሉ፣ ሐሳባቸውን ድረ ገጽ ላይ መጻፍ እንደሚችሉ ነገራቸው።

«ልጄ ሳይከፈላት ትሠራለች» አለው አያና። «ድረ ገጽ ላይ ልጻፈው?»

«ጌታዬ፣ ወይ ይቀመጡ ወይ ይውጡ።»

አልተቀመጡም። የሕንፃው ጥበቃ ተጠርቶ መጣ፣ አንድ እጁ ሬዲዮኑ ላይ ነው። እትዬ ዓለምወርቅ «ልጄ፣ እኛ ጠብ ልናበርድ ነው የመጣነው» ብትለው በአማርኛ ነበርና ጭራሽ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ እንደ ሰካራም ከፊትም ከኋላም ተጠብቀው ወደ ፓርኪንጉ ተሸኙ።

መኪናው ጋ ሳይደርሱ ካሳሁን ጀመረ። «በጀቱን የያዙት የእናንተዎቹ ባይሆኑ ይኼ ውርደት አይደርስብንም ነበር።»

«ከቢሮው ያስወጣን የማን ሰው ነው? የአንተ አይደለም?» አለች እትዬ ዓለምወርቅ።

አያና ሲናደድ ድምፁ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። «ዝም በሉ» አለ፣ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ። ሁለቱም ሊሰሙት ተጠጉ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ የተጣላ ሰው ሳይ ኖሬያለሁ። የተጣላ ሰው እንቅልፍ አይተኛም። ምግብ አይበላለትም። ሽማግሌ ሲያይ፣ አፉ እምቢ ቢልም፣ ልቡ ተመስገን ይላል። እነዚህ አልተጣሉም። ጠቡ እንጀራቸው ነው፤ ቢታረቁ ነገ ምን ብለው ይመረጣሉ? እናንተ ደግሞ ሁለታችሁ እዚህ ፓርኪንግ ላይ በነጻ ትሠሩላቸዋላችሁ። ልጄም በነጻ ትሠራላቸዋለች። እሷስ ተገዳ ነው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሬዲዮኑን መክፈት አላስፈለገም።

ኅዳር ከገባ በኋላ የምሥራች ደወለችለት። «አባዬ፣ ተከፈተ። ፈርመውታል።»

«ታረቁ?»

«ኖ፣ አባዬ። ኤክስቴንድ አደረጉት። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው፣ ከዚያ እንደገና ይነጋገራሉ።»

ይኼን ሁሉ ሰው አስርበው፣ በመጨረሻ ያመጡት ዕርቅ የቀጠሮ ለውጥ ነው። ጥር ላይ የምሥራችን እንደገና መያዣ ሊያደርጓት ቀን ቆረጡ፣ ለዚህም እንደ ድል ተጨበጨበላቸው።

ማታ ፎረስት ፓርክ ሄደ። በሩን የከፈተለት ኤርምያስ ነው። ኮቱን ተቀበለው። ሳሎኑ መሃል ትልቅ የጉዞ ቦርሳ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ወፍራም ካልሲ፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ።

«ምንድነው ይኼ?»

«ረጅም ርቀት ትራክ ልነዳ ነው፣ ጋሼ። ሰኞ እወጣለሁ። ላይሰንሱ ነበረኝ እኮ፣ ሚስቴን ብቻዋን ላለማድረግ ብዬ ነው የተውኩት።»

«ተከፈተ አይደል እንዴ አሁን? ወደ ኋላ ያለውንም ይከፍሏታል።»

«ባለፈው ሳምንት ፈርሜያለሁ። ባንኩ ደብዳቤ ጻፈብን። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው፤ ቤት የምመጣው በሦስት ሳምንት አንዴ ነው።» ኤርምያስ አንድ ካልሲ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ግድ የለም፣ ጋሼ። እርስዎ እሷን በርቺ ይበሏት።»

የምሥራች ኩሽናው ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምታጥበው፤ አልዞረችም።

አያና በዕድሜው ስንቱን «ይቅር በል» ሲል ኖሯል። አጥፊው ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ የት ላይ ድምፁ እንደሚሰበር፣ ሁሉንም ያውቃል። አሁን ራሱ ሊጀምረው ሲል ግን ከቦርሳው አንድ ካልሲ አንሥቶ እንደገና አጠፈ።

«ይቅር በለኝ» አለ በመጨረሻ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ?» አለ ኤርምያስ ደንግጦ። «የዘጉት እነሱ ናቸው።»

«እነሱማ ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቁም» አለ አያና። «አንተ ግን ዝም ያልከው እኔን አምነህ ነው።»