የታደለች የምረቃ ፎቶ

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ወርቅነሽ ከጨንቻ ደወሉልኝ። የወንድ ልጃቸው ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቢዝነስ ልማር ብላለች። «ልጄ፣ ታደለች የተማረችበት ኮሌጅ አሁንም አለ ወይ? እዚያ እናስገባታለን» አሉኝ። ጠይቄ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ታደለች ልጃቸው ናት፤ የኔም የልጅነት ጓደኛ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የተማርነው። ሁለታችንም ማኔጅመንት አማረን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ፤ የሷ ነጥብ አልበቃም። ከአንድ ብረታ ብረት ሱቅ በላይ የተከፈተው ቢዝነስ ኮሌጅ ገባች። በዚያ ሙቀት፣ ከታች ብረት ሲቆረጥ እየጮኸባቸው ይማሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ማንጎ እየላጥን አብረን እናጠናለን። መጽሐፉ አንድ ነው፤ አንዳንዱ መምህርም እኛን አስተምሮ ሲያበቃ በባጃጅ ወደነሱ ይሄዳል። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው እንል ነበር። እንዲያውም ያልገባኝን የምታስረዳኝ እሷ ነበረች።

ለምረቃዋ እማማ ወርቅነሽ ቅቤና ቆጮ ይዘው፣ ከጨንቻ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ በጭጋግ ወርደው መጡ። ታደለች በጋዋን እናቷን አቅፋ ፎቶ ተነሳች።

ብዙም ሳትቆይ ባንክ ልትቀጠር አመለከተች። ኮሌጁ ዕውቅና ያገኘው ለአካውንቲንግ ብቻ ነው፣ የማኔጅመንቱን አንቀበልም አሏት። እኛ ደግሞ ኮሌጁ ዕውቅና አለው ሲባል ለሁሉም ትምህርት መስሎን! በየትምህርት ክፍሉ እንደሚሰጥ ማን ነገረን? ሮጠን ኮሌጁ ብንሄድ ቢሮው ተዘግቷል። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።»

ሀዋሳ ሄዳ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ዛሬም እዚያው ናት። እናቷ ባንክ የምትሠራ ይመስላቸዋል። ለመስቀል እንኳ ሥራ በዛብኝ እያለች ትቀራለች፤ ጨንቻ ስወጣ ከፎቶው ሥር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጎበዟ እሷ ነበረች፤ ቢሮ የተቀመጥኩት እኔ።

ትናንት መልሼ ደወልኩ። «እማማ፣ ያ ኮሌጅ ተዘግቷል። ልጅቷ የምትማረው ትምህርት ራሱ ዕውቅና እንዳለው እኔ ሄጄ ሳላጣራ የትም እንዳታስመዘግቧት» አልኳቸው።

«ተዘጋ?» አሉ ደንግጠው። ከዚያ ድምፃቸው ፈካ አለ። «ተመስገን ነው ልጄ! የኔዋ ሳይዘጋ ደረሰችበት።»

አሜን አልኩ።